የመስቀለኛ ቃላት ፍንጭ በሳይንስ ሚዛን

በሳምንቱ መጨረሻ ጋዜጦች ላይ የሚወጣው የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ለብዙዎች የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ለሳይንስ ተማሪ ግን ከዚህ ያለፈ ጥቅም አለው። መላምት ማቅረብን፣ መፈተንንና ፈተናውን ያላለፈውን መተውን ያለማምዳልና። አርተር ዊን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1913 በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን ካወጣ ወዲህ የጨዋታው ሕግ ብዙም አልተለወጠም። ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ የምንለው የትኛውን ነው?

ከመዲናችን ሰሜን ምሳሌ እንውሰድ። አግድም፦ «በእንጦጦ የሚበቅል አገር በቀል ዛፍ፣ 2 ፊደል»። ጽድ ነው? ወይስ ኮሶ? ሁለቱም ይስማማሉ። ቁልቁል፣ ከዚያው የመጀመሪያ ሳጥን ተነሥቶ፦ «የራሱን ብርሃን የሚያመነጭ የሰማይ አካል፣ 3 ፊደል»። ፀሐይም ኮከብም ያስኬዳል። እያንዳንዱ ፍንጭ ለብቻው አሻሚ ነው፤ በጋራው ሳጥን ግን የሚስማሙት ኮሶና ኮከብ ብቻ ናቸው። በቤተ ሙከራም እንዲሁ ነው፤ እርግጠኛ ያልሆኑ ሁለት ልኬቶች፣ አንዱ ከሌላው ነጻ እስከሆኑ ድረስ፣ ተደጋግፈው አንድ አስተማማኝ ውጤት ይሰጣሉ።

ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ዝነኛ የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ጽሑፉ ይህንን ጨዋታ አንሥቷል። ማንኛውም የፊደላት ድርድር ትርጉም ያለው ቃል ቢሆን ኖሮ፣ የትኛውም ሰንጠረዥ መስቀለኛ ቃላት በሆነ ነበር። እኛም እንጨምር፦ ያን ጊዜ መገናኛው ሳጥን ስሕተትን ባላጋለጠም ነበር።

የእኛ ፊደል በዚህ ረገድ ልዩ ጠባይ አለው። የእንግሊዝኛ ሳጥን ከ26 ፊደላት አንዱን ሲይዝ፣ የአማርኛው ግን ከ231 (33 × 7) አንዱን ይይዛል። ፊደላቱ ሁሉ እኩል ቢያገለግሉ፣ የመጀመሪያው 4.7 ቢት፣ ሁለተኛው 7.85 ቢት ያህል መረጃ ይሰጣል። ስለዚህ በአማርኛ አንድ መገናኛ ሳጥን ብዙ ይናገራል።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። «በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑ ንጉሠ ነገሥት፣ 4 ፊደል» ቢባል መልሱ የታወቀ ነው። ነገር ግን «ምኒልክ» ተብሎ ይጻፍ ወይስ «ሚኒሊክ»? ቁልቁል የሚወርደው ቃል «ሚዛን» ከሆነ፣ «ምኒልክ» ብሎ የጻፈው አንባቢ እያወቀ ይወድቃል። በ«ሰ» እና «ሠ»፣ በ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ በ«ጸ» እና «ፀ»፣ በ«አ» እና «ዐ»ም ተመሳሳይ ችግር ይገጥማል። እንዲህ ያለው ፍንጭ የአንባቢውን ዕውቀት አይለካም፤ የአዘጋጁን የአጻጻፍ ልማድ እንጂ። አሃዱ ያልተገለጸ ልኬት እንደማለት ነው።

ስለዚህ አዘጋጆች ከሰንጠረዡ በላይ አንዲት መስመር ቢጨምሩ መልካም ነው፦ ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም? ስሞችስ በየትኛው አጻጻፍ? ፈቺውም መገናኛው ሳይመሰክር በብዕር አይጻፍ፤ እርሳስ ይበቃል።

እስኪ ውድ አንባቢያን ይህንን መዝኑ። አግድም፦ «እንጦጦን የሚያዋስን ክፍለ ከተማ፣ 2 ፊደል»። ቁልቁል፣ ከሁለተኛው ሳጥን ተነሥቶ፦ «መንገደኛ አቅጣጫ የሚለይበት፣ 3 ፊደል»። ፍንጮቹ ፍትሐዊ ናቸውን?