የመኖሪያ ቤት ማስፋፊያ ከመሠረት ቁፋሮ በፊት ከማዘጋጃ ቤት ይጀምራል

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አማኑኤል፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫና ባሕር ዳር በሚያመራው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። እንደ ሌሎቹ የአካባቢው ከተሞች ሁሉ በአማኑኤልም ቤተሰብ ሲበዛ፣ ልጅ ለአቅመ ትዳር ሲደርስ ወይም የሚከራይ ክፍል ሲያስፈልግ፣ ነዋሪው በቅድሚያ የሚያስበው በግቢው ካለው ቤት ጋር ተጨማሪ ክፍል መቀጠልን ነው።

ብዙዎች ይህን ሥራ የሚጀምሩት ከግንበኛና ከአናጢ ጋር በዋጋ በመስማማት ነው። ይሁን እንጂ የማስፋፊያ ሥራ በወረቀት፣ በቦታ መረጣና በወቅት አጠቃቀም ካልተጀመረ፣ ቤተሰቡ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ የፈሰሰበት ክፍል በሕግ የማይታወቅ ወይም በመጀመሪያው ክረምት የሚሰነጠቅ ሊሆን ይችላል።

የጉዳዩ መነሻ በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ነው። በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት አለው። በመሆኑም የባለይዞታው ሀብት በዋናነት በመሬቱ ላይ የሠራው ቤት ነው። ቤቱ ሲሰፋ ሀብቱም የሚያድገው ግን፣ የተጨመረው ክፍል በሕጋዊው ይዞታ ክልል ውስጥና በፈቃድ ሲሠራ ነው።

የግንባታ ፈቃድ ሥርዓቱን በአገር አቀፍ ደረጃ የዘረጉት በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እና በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 243 ናቸው። አዋጁ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸውን ከተሞች ታሳቢ ያደረገ ሲሆን፣ ከዚህ በታች ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ተፈጻሚ እንዲሆን የመወሰን ሥልጣንን ለክልሎች ሰጥቷል። ሕንፃዎችንም በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። ፎቅ የሌለው አነስተኛ የግል መኖሪያ ቤት ቀላል በሆነው በምድብ “ሀ” የሚካተት ሲሆን፣ የሕዝብ መገልገያዎችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች በምድብ “ሐ” ተመድበዋል።

ቤቱን ለማስፋፋት የሚፈልግ ነዋሪ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውንና ነባሩ ቤትና አዲሱ ክፍል የሚታዩበትን ንድፍ ይዞ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት መቅረብ ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ የሚጣራው ዋናው ጉዳይ ቦታው በከተማው ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ነው። ወደፊት መንገድ በሚያልፍበት መስመር ላይ የሚቀጠል ክፍል ከመሠረቱ ጀምሮ የሚፈርስበትን ቀን የሚጠብቅ ይሆናል። ለልማት ሲባል ይዞታ የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ ለመወሰን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳን ከሕጋዊ ባለይዞታነት ጋር ማያያዙም የፈቃዱን ዋጋ ያጎላዋል። በሽያጭ፣ በውርስና በባንክ ዋስትና ጊዜም በሰነድ ያልተመዘገበ ክፍል ባለቤቱን ለክርክር ይዳርጋል።

የጎረቤት መብትም ሊዘነጋ አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብቱ በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳና ከመልካም ጉርብትና ውጭ ጭስ፣ መጥፎ ሽታና ሁከት እንዳያደርስ ይከለክላል። ከአጥር ጋር የሚጣበቅ ማዕድ ቤት ወይም የጣሪያውን ውኃ ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያፈስ ቅጥያ ለዚህ ዓይነት ክርክር መነሻ ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ወሳኙ ወቅት ነው። በአካባቢው ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንብ በመሆኑ፣ ማመልከቻውን በክረምቱ ማጠናቀቅና ቁፋሮውን ከጥቅምት ጀምሮ ማከናወን ጊዜን ይቆጥባል። ለእንጨትና ጭቃ ቤት የሚያስፈልገው ጭድ የሚገኘው ጤፍ ከተወቃ በኋላ ነው። በአጨዳና በውቂያ ወራት ግን የሰው ጉልበት ወደ እርሻ ስለሚያዘነብል የሠራተኛ ውል አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል። ጣሪያው ቀድሞ ከተመታ፣ ግድግዳው ከተመረገ በኋላ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ለመድረቅ በቂ ጊዜ ያገኛል።

በማስፋፊያ ሥራ በብዛት የሚታየው ጉድለት አዲሱ ከነባሩ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ነው። የቆየው ቤት መሠረት ክብደቱን ይዞ የረጋ ሲሆን፣ አዲሱ ገና የሚረጋ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች እንደ አንድ አካል ከተያያዙ መገጣጠሚያው መሰንጠቁ የማይቀር በመሆኑ፣ በመካከላቸው ክፍተት መተውና በተለያየ መሠረት ላይ ማቆም ይመከራል። ጥቁር ዋልካ አፈር ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለሆነ፣ እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ መቆፈርና በገረጋንቲ መተካት ያስፈልጋል።

የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ሳይደርቁ ከተተከሉ ይጣመማሉ፤ በቀጥታ መሬት ውስጥ ከተቀበሩም ለብስባሴና ለምስጥ ይጋለጣሉ። የአዲሱ ጣሪያ ተዳፋት ከነባሩ ቤት ወደ ውጭ እንዲያፈስ መደረግ አለበት። ሁለቱ ጣሪያዎች ፊት ለፊት ከተገናኙ ግን በቂ ስፋት ያለው አሸንዳና ከመሠረቱ የራቀ የውኃ መውረጃ ቦይ ግዴታ ነው። ቆርቆሮ ሲገዛም የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ውፍረቱ እንደሚጨምር ማወቅ ይጠቅማል፤ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32 ይወፍራል።

ኃላፊነቱ ግን በነዋሪው ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። የፈቃድ ጥያቄ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ ለወራት ሲቆይ የበጋው ወራት ያልፋሉ፤ ነዋሪውም ያለ ፈቃድ ለመሥራት ይገፋፋል። የተሠራውን ማፍረስ ለባለቤቱም ሆነ ለአስተዳደሩ ከፍተኛ ኪሣራ ነው። በመሆኑም የከተማ አስተዳደሮች በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ፣ የሚቀርቡትን ሰነዶችና የአገልግሎቱን ጊዜ በግልጽ ማሳወቅ፣ ባለሙያዎችም መሠረቱ በተቆፈረበት ዕለት በቦታው ተገኝተው ማየት ይጠበቅባቸዋል። በቁፋሮው ቀን የተገኘ ባለሙያ ስህተቱን በአንድ ክር ያቃናዋል፤ ጣሪያው ከተመታ በኋላ የመጣ ግን ከማፍረሻ ትዕዛዝ በቀር የሚሰጠው አይኖረውም።