የሚሰማ መብራት

ቢሊ አይሊሽ በ2019 ያወጣችውን «ባድ ጋይ» የተባለ ዘፈን የሰማ ሰው ሳያውቀው የመንገድ መሣሪያም ሰምቷል። ከሙዚቃው ሥር የሚንጣጣው ፈጣን ድምፅ ሲድኒ ከተማ ውስጥ እግረኛ መንገድ ሲሻገር የሚሰማ ነው። ዘፋኟ አውስትራሊያ ሳለች በስልኳ ቀድታ ዘፈኑ ውስጥ አስገባችው። ሚሊዮኖች የጨፈሩበት ይህ ድምፅ መጀመሪያ የተሠራው ግን ዓይነ ስውር እግረኛ «መብራቱ ላንተ በርቷል» የሚለውን መልእክት በጆሮው እንዲያገኝ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምሰሶ ላይ ድምፅ ማውጫ መስቀል ቀላል ሥራ ይመስላል። አስቸጋሪው ድምፁ የየትኛው መሻገሪያ እንደሆነ ሳያሳስት መንገር ነው። የዚህ መሣሪያ ታሪክ አብዛኛው ያንን ችግር የመፍታት ታሪክ ነው።

መሣሪያው በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ዓይነ ስውር ሰው የሚሻገረው መኪኖችን አዳምጦ ነው። ጠርዙ ላይ ይቆምና ሁለት እንቅስቃሴ ይለያል፦ ከፊቱ የሚያቋርጡትን መኪኖችና ከጎኑ፣ እሱ በሚሄድበት አቅጣጫ የሚነዱትን። የፊቶቹ ቆመው የጎኖቹ ሞተር አጓርቶ ሲነሣ መብራቱ እንደተቀየረ ያውቃል፣ በትሩን አስቀድሞ ይወርዳል። ብልህ ዘዴ ነው፤ በነጭ በትር መንቀሳቀስ የሚያስተምሩ ባለሙያዎችም በሥርዓት ያሠለጥኑበታል። ነገር ግን የሚሠራው ከጎን የሚነሣ መኪና ሲኖር ብቻ ነው። መንገዱ ጭር ካለ፣ ወይም አጠገቡ የግንባታ ማሽን እየጮኸ ከሆነ፣ መብራቱ መቀየሩን የሚነግረው ምንም ነገር የለም።

ይባስ ብሎ ለእግረኛ ታስቦ የመጣ አንድ ማሻሻያ ዘዴውን አበላሸበት። በብዙ ከተሞች የእግረኛው መብራት ከመኪናው ጥቂት ሰከንዶች ቀድሞ እንዲበራ ተደርጓል፤ እግረኛው መሀል መንገድ ከገባ በኋላ የሚታጠፈው ሾፌር አይቶት እንዲቆም ነው። ለሚያይ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። ዓይነ ስውሩ ግን የሞተሩን መነሣት ስለሚጠብቅ እነዚያ ሰከንዶች ያልፉታል፤ እሱ ሲወርድ መኪኖቹም መታጠፍ ጀምረዋል። ለአንዱ ደኅንነት የተጨመረው ነገር ለሌላው አደጋ ሆነ ማለት ነው፣ ምሰሶው ካልተናገረ በስተቀር።

አሁን ወደ መሣሪያው እንጠጋ። በወገብ ከፍታ ላይ የተተከለ፣ መዳፍ የሚያህል መጫኛ ያለው ሣጥን ነው። ማንም ሳይነካው በየሰከንዱ አንድ ጊዜ አጭር «ተክ» ያሰማል። ይህ «ተሻገር» ማለት አይደለም፤ «ቁልፉ እዚህ ነው» ማለት ነው። ዓይነ ስውር ሰው መጀመሪያ ምሰሶ መኖሩን፣ ካለም የት እንደቆመ ማወቅ አለበትና። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት ይህ ድምፅ ከሁለት እስከ አራት ሜትር አካባቢ ብቻ እንዲሰማ ይፈለጋል። ሣጥኑ ውስጥ ያለች ማይክሮፎን የመንገዱን ጫጫታ እየለካች ድምፁን ከጫጫታው ከ2 እስከ 5 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ታደርገዋለች፤ አውቶቡስ ሲያልፍ ይጮኻል፣ መንገዱ ሲረጋጋ ያንሾካሹካል።

መጫኛው ላይ በጣት የሚዳሰስ ከፍ ያለ ቀስት አለ፤ የሚያመለክተው ወደሚሻገሩበት አቅጣጫ ነው። መብራቱ ሲቀየር ድምፁ ይፈጥንና በሰከንድ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ይመታል፤ በዚያው ቅጽበት ቀስቱ ይንቀጠቀጣል። ንዝረቱ ዓይንም ጆሮም ለከዳው ሰው ነው፤ እጁን ቀስቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ዋሽንግተን ወይም ኒው ዮርክ የምትኖሩ፣ ቁልፉን ስትነኩት «ዌይት!» (ጠብቅ!) እያለ የሚቆጣችሁ ይኸው ነው። ቁልፉን ከአንድ ሰከንድ በላይ ተጭኖ መያዝ በብዙዎቹ ላይ ተጨማሪ አገልግሎት ይቀሰቅሳል፦ ድምፁ ለዚያ አንድ መሻገሪያ ከፍ ይላል፣ ወይም የመንገዱን ስም ይናገራል።

ስዊድኖች የጨመሩት ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ከሣጥኑ ጎን በጣት የሚነበብ የመንገዱ ካርታ አለ። ጣትን ከታች ወደ ላይ ሲያንሸራትቱ ስንት የመኪና መስመር እንዳለ፣ የብስክሌት መንገድ እንዳለ፣ ባቡር እንደሚያልፍ፣ መሀል ላይ ማረፊያ መኖር አለመኖሩን በየተራ ያገኙታል። የሚያይ ሰው በአንድ እይታ የሚያውቀውን ያህል ባይሆንም፣ ዓይነ ስውሩ ምን ውስጥ እንደሚገባ ሳያውቅ አይወርድም።

እዚህ ለመድረስ ብዙ ስሕተት ተሠርቷል። ጃፓንና አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የወፍ ድምፅ ነበር የሚሰማው፤ ጃፓን ውስጥ ዛሬም በብዛት አለ። በአሜሪካ ለሰሜን–ደቡብ መሻገሪያ የኩኩ ድምፅ፣ ለምሥራቅ–ምዕራብ የጫጩት ጭጭታ ተመደበ። ወረቀት ላይ ያምራል። ሆኖም ሰዉ የትኛው ወፍ የየት አቅጣጫ እንደሆነ ይዘነጋል፤ መንገዱ ሰያፍ ከሆነ ደግሞ ሰሜንና ምሥራቅ ትርጉም ያጣሉ። በዚያ ላይ የሌላውን ድምፅ መቅዳት የሚችሉ እውነተኛ ወፎች ዛፍ ላይ ሆነው ያንኑ ይዘምራሉ። ድምፁ ከላይ፣ ከመብራቱ ራስ ስለሚወጣም የየትኛው ማዕዘን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ወፉን ትተው ድምፁን ወደ ቁልፉ አወረዱት፤ በአንድ ማዕዘን ያሉት ሁለት ምሰሶዎችም ቢያንስ በሦስት ሜትር እንዲራራቁ ወሰኑ። ሁለቱ ቁልፎች የግድ አንድ ምሰሶ ላይ ከሆኑ መሣሪያው የመንገዱን ስም በቃል መጥራት አለበት።

እንግሊዞች ችግሩን የፈቱት በሚያሳስትበት ቦታ ድምፅን በመተው ነው። እነሱ ዘንድ የሚጮኸው ምልክት የሚፈቀደው ሁሉም መኪና በሚቆምበት መሻገሪያ ብቻ ነው፤ አንዱ መሥመር ቆሞ ሌላው በሚነዳበት ቦታ ድምፁ ሰው ያሳስታልና። እንዲህ ላለው ቦታ ሲባል በ1980ዎቹ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ትንሽ መላ ተፈጠረች፦ ከቁልፉ ሣጥን ሥር የተሸጎጠች፣ ጎርበጥ ያለች ሾጣጣ። አረንጓዴው ሲበራ ትሽከረከራለች። እንግሊዝ አገር ዓመታት የኖረ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ መኖሯን አያውቅም። እጃችሁን ከሣጥኑ ሥር ብትሰዱ ታገኟታላችሁ።

ምሰሶውን ማግኘት ራሱ ጥያቄ ነው ብያለሁ። መልሱን ከእግር ሥር ያመጣው ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ነው። በ1965 የፈጠረው ጉብጉብ ያለ ንጣፍ መጀመሪያ የተነጠፈው መጋቢት 1967 ኦካያማ ከተማ፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ነበር። ክብ ጉብታ «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ይላል፤ ረጅም መስመር ደግሞ «በዚህ ቀጥል»። ዛሬ በመላው ዓለም ይታያል። የሚናገር ምሰሶ ያለ ይህ ንጣፍ ግማሽ ሥራ ነው።

ሌላው ጉዳይ የመሻገሪያው ጊዜ ነው። መብራቶች የሚቀመሩት እግረኛው በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ እንደሚራመድ ታስቦ ነው፤ ብዙ አረጋውያን እዚያ አይደርሱም። ሲንጋፖር ከ2009 ጀምሮ አረጋዊው ወይም አካል ጉዳተኛው ካርዱን ምሰሶው ላይ ሲያስነካ አረንጓዴው ከ3 እስከ 13 ሰከንድ እንዲረዝምለት አድርጋለች።

ይህ ሁሉ ከተሞች በፈቃዳቸው ያደረጉት እንዳይመስላችሁ። ኒው ዮርክ ከ13 ሺህ በላይ ባለ መብራት መስቀለኛ መንገድ ሲኖራት፣ በ2020 የሚናገር መሣሪያ የነበራቸው ከመቶው አራት እንኳ አይሞሉም ነበር። ዓይነ ስውራን ከተማዋን በ2018 ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ በ2020 ሕግ ጥሳለች አለ፤ በ2021 መጨረሻ ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ በሺዎች በሚቆጠሩ መገናኛዎች ላይ እንድትተክል አዘዘ። ቺካጎም በ2023 ተመሳሳይ ፍርድ ገጠማት። ዘግይቶ መትከል ደግሞ ውድ ነው፤ የተሠራን ምሰሶ መልሶ መቆፈር፣ ገመድ መሳብና አስፋልት መጠገን ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ የሚያስመርር ወጪ ነው።

ነገሩ ለአዲስ አበባም የቀረበ ነው። ከተማችን በአደባባይ ያደገች ናት፤ አደባባይ ላይ ደግሞ የመኪናው ጅረት ስለማይቆም የሚያዳምጥ ሰው ክፍተት አያገኝም። አንዳንዶቹ አደባባዮች ፈርሰው በመብራት ተተክተዋል፤ ያ ለሚናገር ምሰሶ ቦታ ይከፍታል። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ይገፋል። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ ዞራለች። የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ ሲል ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ አውሮፓ በዝግታ ሲነዳ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያወጣ በሕግ ያስገደደችው ስለዚህ ነው። ዓይነ ስውሩ ይተማመንበት የነበረው የሞተር ጉርምርምታ ከጎዳናችን ቀስ በቀስ እየጠፋ ነው። ለአየሩ ደግ ነው፤ ለጆሮው ግን ምትክ ያስፈልጋል።

መሣሪያው የማይችለውንም እንናገር። መኪና አያስቆምም። «መብራቱ ላንተ በርቷል» ይላል እንጂ «ሾፌሩ ቆሟል» አይልም። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ዜብራ ላይ የማይቆም ሾፌር ባለበት ከተማ የሚናገር ምሰሶ ብቻውን ሰውን ወደ አደጋ ሊጋብዝ ይችላል። ኤሌክትሪክ ሲጠፋም ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ግን ራሱ መረጃ ነው፦ «ተክ» የሚለው ከሌለ መሣሪያው እንደማይሠራ ሰውየው ያውቅና ወደ ድሮው ዘዴው ይመለሳል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ መንገድንም በስም ይጠቅሳል። በአዲስ አበባ የተካሄደው የኮሪደር ልማት ጎዳናዎችን ከፍቷል፣ የእግረኛ መንገዶችም ሰፍተዋል። መብራት የሚተክሉ መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ሲያወጡ የሚናገረውን ቁልፍና ጉብጉቡን ንጣፍ ከመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ፤ ምሰሶው የት ቢቆም እንደሚሻልም ኮንክሪቱ ሳይፈስ ከዓይነ ስውራን ማኅበር ጋር ይመካከሩ። ሾፌሮችም ዜብራው ጋ ስትደርሱ ከመስመሩ በፊት ቁሙ፤ ንጣፉ ላይም መኪና አታቁሙ።