የጓሮው ለምነት ወደ ማሳው ይሂድ

በቁይና በአካባቢው ያለ ገበሬ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ቤት አጠገብ ያለው ጓሮ ጎመኑንም በቆሎውንም ደህና አድርጎ ያበቅላል። ራቅ ያለው ማሳ ግን ከዓመት ዓመት ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ጓሮው አመድ፣ ጥራጊና እበት ሲደፋበት ይኖራል። ማሳው ግን ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። እህሉም ገለባውም ከእርሱ ይወሰዳል። እበቱም ኩበት ሆኖ ይነዳል።

የፋብሪካ ማዳበሪያ ይረዳል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ዋጋው ምን ያህል እንደናረ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል ገበሬ በወቅቱ አጥቶ እንዴት እንደተጨነቀ እናስታውሳለን። ብስባሽ ግን ከቤት ይሠራል። ብስባሽ ማለት ቅጠል፣ አረም፣ ገለባ፣ እበትና አመድ አንድ ላይ በስብሶ የሚገኝ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው። ኮምፖስት የሚሉትም ይህንኑ ነው።

ብስባሽ እንዴት ይሠራል?

1. ጊዜው ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ አረሙ ለምለም ነው። ዘር ሳያፈራ እጨዱት።

2. ቤት አጠገብ፣ ጥላ ያለበት፣ ጎርፍ የማይገባበት ቦታ ምረጡ። ወርዱና ርዝመቱ ሦስት ሦስት ክንድ፣ ጥልቀቱ ሁለት ክንድ የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። መሬቱ ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ከሆነ ጉድጓዱ ይቅር። ከመሬት በላይ ከምሩት።

3. ከታች አየር እንዲያገኝ የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ አንጥፉ። በላዩ አንድ ስንዝር ያህል ገለባና ደረቅ ቅጠል፣ ቀጥሎ አንድ ስንዝር ለምለም አረም አድርጉ። ከዚያ እበት በውሃ በጥብጣችሁ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ጥቂት አመድና አፈር በትኑበት። እስኪሞላ እንዲሁ ደራርቡ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስምና አታስገቡ። ላስቲክም አይገባም።

4. መካከሉ ላይ ረዘም ያለ ዱላ ትከሉ። አፉን በአፈርና በሣር ሸፍኑ።

ዱላው ይነግራችኋል። በሳምንቱ ንቀሉና ዳስሱት። ከሞቀና እርጥብ ከሆነ ሥራው ደህና ነው። ከደረቀ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቅዞ የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታልና አገላብጡት፤ ገለባ ጨምሩበት። ደህና ቢሆንም በየወሩ አንድ ጊዜ ማገላበጥ ይበጃል።

በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል። በደጋ ብርዱ ጥቂት ያዘገየዋል። ሲደርስ ጠቁሮ ይፈረፈራል፤ አፈር አፈር ይሸታል። እስከ ዘር ጊዜ ድረስ ሸፍናችሁ አኑሩት። ማሳው ላይ በበተናችሁበት ቀን እረሱት፤ ፀሐይ ካገኘው ጉልበቱ ያልቃል።

«እበቱን ሁሉ ለብስባሽ ካዋልነው በምን እንጋገር?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁሉም አይፈለግም። ስስ እበት ይበቃል። ከብቱ የሸናበት የጋጣ ጥራጊ ደግሞ ለማገዶ አይሆንም፤ ለብስባሽ ግን ወርቅ ነው።

በትግራይ ይህ ሥራ በ1988 ዓ.ም. ግድም ከጥቂት መንደሮች ገበሬዎች ጋር ተጀመረ። በ1990ዎቹ ምርቱ ተመዘነ። ምንም ያልተጨመረበት ማሳ በሄክታር 11 ኩንታል ተኩል ያህል ጤፍ ሲሰጥ፣ ብስባሽ ያገኘው 21 ኩንታል ያህል ሰጠ። የቁይ አፈርና ዝናብ ሌላ ነው። ስለዚህ በራሳችሁ ማሳ መዝኑት። አንድ ጉድጓድ ለማሳ ሁሉ አይበቃም። ከማሳው አንዱን ጥግ ብስባሽ አልብሱ፤ ሌላውን እንደነበረ ተዉት። የሁለቱን ምርት ለየብቻ ውቁና ስፈሩ። የሰፈራችሁትንም በደብተራችሁ ጻፉ። ለሚቀጥለው ዓመት ስንት ጉድጓድ እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ።