ከፍ የተደረገ መኪና ሐረጎን ሲወርድ

ኮምቦልቻ ጋራዥ ያለው እንደ እኔ ያለ መካኒክ ከደሴ የወረደን መኪና ገና በር ላይ በፍሬኑ ሽታ ያውቀዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ይህን ሁሉ ከፍታ የምንወርደው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ያውም ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን፣ ክረምት ከሆነ በጉም ውስጥ፣ ከፊታችን ጭነት የያዘ አይሱዙ እያቃሰተ። ስለዚህ ሰው አሮጌ ላንድክሩዘሩን ይዞ መጥቶ «ከፍ አድርግልኝ» ሲለኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለሚወጣው ድንጋይ አይደለም፤ ስለሚወርደው ቁልቁለት ነው።

ፍላጎቱ ግን ይገባኛል። ወደ ደላንታ፣ ወደ ተንታ፣ ወደ ወረኢሉ ገጠር የሚመላለስ ሰው መንገዱ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የጭነት መኪና ጎማ ግራና ቀኙን ሲቦረቡረው መሃሉ ጉብ ብሎ ይቀራል፤ የትንሹ መኪና ሆድ እዚያ ላይ ይቀመጣል። መኪናውን ልቀይር ቢል ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለውን ጠግኖ መያዝ ግድ ሆነ።

እኔ ጋ በብዛት የሚመጣው ሃርድ ቶፑ ላንድክሩዘር ነው። የላንድክሩዘር 70 ዝርያ ለገበያ የወጣው በ1977 ነው፤ ወሎ በድርቅ የተመታችበት፣ የእርዳታ መኪና ከኮረም ባቲ የሚመላለስበት ዓመት። ዛሬ በግለሰብ እጅ ካሉት አሮጌዎቹ ብዙዎቹ ከእርዳታ ድርጅት ወይም ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ ናቸው። 4.2 ሊትሩ፣ ስድስት ሲሊንደሩ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ካልተበደለ ገና ሌላ ዕድሜ አለው፤ ያረጀው እግሩ ነው። በፈረንጆቹ 1999 ከተሻሻለው በፊት የተሠሩት ሃርድ ቶፖች ፊትም ኋላም የቆሙት በባሌስትራ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ኋላቸው ባሌስትራ፣ ፊታቸው ሞላ ሆነ።

መኪናን ከፍ ለማድረግ የሚገጠመው ሊፍት ኪት እንግዲህ ከፍ ያለ ባሌስትራ ወይም ረዘም ያለ ሞላ፣ ከእሱ ጋር የሚሄድ አሞርዛተር፣ አዳዲስ ጎሚኒና ቡሎን በአንድ ላይ ነው። የአውስትራሊያዎቹ ኦልድ ማን ኢሙና አይረንማን በዓለም ላይ ስማቸው የታወቀ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ዱባይ ዘመድ ያለው ያስመጣል፤ የሌለው አዲስ አበባ ሄዶ ይፈልጋል።

አንድ ከወገል ጤና የመጣ የኦፓል ነጋዴ፣ ልጅ እግር ነው፣ «ጋሼ፣ አሥር ሳንቲም አንሣልኝ፤ ድንጋዩ ዲፈረንሻሌን ሊጨርሰው ነው» አለኝ።

«አብሽር ወንድምዓለም፤ መጀመሪያ ከሥር እንየው» አልኩት።

አጎንብሰን ከዲፈረንሻሉ እስከ ወለሉ ያለውን በሜትር ለካን። ከዚያ ክሪኩን ሻንሲው ሥር አስገባሁና ጎማው መሬት ሳይለቅ አካሉን ብቻ ወደ ላይ ገፋሁት። ፓራፋንጎው ከጎማው ራቀ፤ መኪናው ጎበዝ መሰለ። «በል አሁን ለካ» አልኩት። ዲፈረንሻሉ የነበረበት ነው፤ አንድ ሚሊ እንኳ አልተነሣም። ልጁ ሜትሩን ደግሞ ለካ፤ ያው ነው። ሊፍት ኪት አካሉን ከአክስሉ ያርቃል እንጂ አክስሉን ከመሬት አያርቅም። ቀሚስ ሰብስቦ ወንዝ እንደመሻገር ነው፤ ቀሚሱ ይተርፋል፣ እግር ግን ከድንጋዩ አያመልጥም። የሚጠቅመው ለሰልባቲዮው፣ ለማርመታው፣ ለመርገጫው፣ ገደል ሲወጡ ለፊቱና ለኋላው መከላከያ ነው። ይህም ትንሽ ጥቅም አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ የፈለገው ሌላ ነበር።

አክስሉን የሚያነሣው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም በግማሹ። በቁመቱ 5 ሳንቲም የሚበልጥ ጎማ ብታስገቡ ዲፈረንሻሉ የሚነሣው በ2.5 ሳንቲም ነው። ዋጋው ደግሞ አለ። ሞተሩ አቀበት ላይ ይደክማል፣ ፍሬኑ ትልቁን ጎማ ለማቆም ይቸገራል፣ ጌጁም ይዋሻል፤ 81 ሳንቲም የነበረው ጎማ 86 ሲሆን ጌጁ 60 እያለ እናንተ ወደ 64 ትሄዳላችሁ።

እዚያው ክሪኩ ላይ እንዳለ ሌላም ነገር አሳየሁት። ከሻንሲው ወደ አክስሉ የሚወርደው የፍሬን ጎማ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። አካሉን አሥር ሳንቲም አንሥቶ ይህን ቱቦ ያልቀየረ ሰው፣ አንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ቱቦው ሊበጠስ እንደሚችል ይወቅ። በብዙ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ ደግሞ ከኋላ አክስል ተነሥታ ሻንሲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር የምትገናኝ ቀጭን ዘንግ አለች። ሥራዋ ጭነቱን መመዘን ነው። መኪናው ሲጫን አካሉ ዝቅ ይላል፤ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ይለቃል። ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። አካሉን ከፍ አድርጋችሁ ይህችን ዘንግ ካላስተካከላችሁ ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ሐረጎን ስትወርዱ የኋላው ፍሬን ዳተኛ ይሆናል፣ የፊቱ ብቻውን ሲታገል ይግላል። በሜዳ ከተማ ይህ ጉድለት ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል፤ እኛ ጋ ግን አንድ ቁልቁለት ይበቃዋል።

ከፍ ማለቱ ራሱም ኩርባ ላይ ይሰማል። ክብደቱ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ጣሪያው ላይ ፖርቶ ባጋሎ ተጭኖ እህልና ጎማ ከታሰረበትማ መኪናው ወደ ገደሉ ሲያዘነብል ሹፌሩ በወንበሩ ያውቀዋል። መሪም ይለወጣል። መሪውን አዙራችሁ ስትለቁት በራሱ የሚመለሰው የፊት አክስሉ በልክ ስለተዘነበለ ነው። በተለይ ፊታቸው ሞላ የሆኑት ሲነሡ ይህ ልክ ይጠፋል፤ መሪው ይዋልላል። ለዚህ ማካካሻ የሚሆን ጎሚኒ አለ፤ ኪቱ ሲገዛ አብሮ መጠየቅ ነው። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግም አቅጣጫው ስለሚሰበር ክሮቼራው ይጮኻል። እንግዲህ ለእኔ ልኩ 5 ሳንቲም ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ሌላ ጋራዥ ይሂድ፤ ተቀይሜ አይደለም።

ርካሹን መንገድ የሚመርጡም አሉ። ባሌስትራውን በእሳት አግለው አስቀጥቅጠው ያጎብጡታል። እንዲያ የጋለ ብረት የመለጠጥ ኃይሉን ያጣል፤ ጥቂት ጊዜ ቆሞ ተመልሶ ይተኛል፣ ባስ ሲል ይሰበራል። ሌሎች በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ታኮ ያስገባሉ። ከኋላ በደንብ የተሠራ ታኮ ሲሆን እታገሣለሁ፤ ከፊት ግን በጭራሽ። ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ሊጠመዘዝ ይፈልጋል፤ ታኮ ደግሞ ያንን ያግዘዋል። ፊታቸው በቡሎን የሚጠብቅ ቶርሽን ባር የሆኑትን ፒክ አፖች ቡሎኑን ብቻ አጥብቆ ማንሣትም የተለመደ ነው፤ ውጤቱ እንደ ጋሪ የሚያንገጫግጭና የጎማውን ዳር የሚበላ መኪና ነው።

ወደ ነጋዴው ልመለስ። የመኪናውን አራት ማዕዘን ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካነው። በሹፌሩ በኩል ያለው የኋላ ባሌስትራ ከሌላው በግልጽ ተኝቷል፤ አንዱ ብረት ተሰንጥቋል፣ ጎሚኒዎቹም አልቀዋል። መኪናው የጎደለው ድሮ የነበረው ቁመት ነው። አዲስ ባሌስትራ ሲገባ ኪት ሳይባል የሚመለስ ቁመት አለ፤ ብዙ ሰው ሊፍት ኪት ገጥሜ ተነሣልኝ የሚለው ግማሹ ይኸው የተመለሰው ነው።

ኪት ከተገዛም የሚመረጠው በጭነት ነው እንጂ በቁመት አይደለም። ሁልጊዜ አምስት ኩንታል ለሚጭን የተሠራ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ ሲገባ ወገብ ይሰብራል። ሻጩ «ስንት ኪሎ ትጭናለህ?» ብሎ ካልጠየቃችሁ ዕቃውን ሳይሆን ብረቱን ነው የሚሸጥላችሁ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የታጠፈው ቡሎንም አዲስ ይሁን፤ አንዴ ተስቦ የጠበቀ ቡሎን ዳግም አይታመንም። የጎሚኒዎቹ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። የፊት መብራቱም ወደ ታች ይስተካከል፤ አለበለዚያ ሐረጎ ላይ ከታች የሚመጣውን ሹፌር ታሳውሩታላችሁ።

መኪናችሁን የምታስነሡ ሰዎች፣ ከጋራዥ ስትወጡ መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ሞክሩ። 500 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ተመልሳችሁ የባሌስትራውን ቡሎኖች አስጠብቁ፤ አዲስ ብረት መቀመጫውን ሲይዝ መላላቱ አይቀርም። ቁልቁለቱንም ከአናቱ ጀምራችሁ በከባድ ማርሽ ውረዱ።