የአሮጌ ሩብል ደረጃ እንዴት ይታወቃል?

አንድ አሮጌ የብር ገንዘብ ሲቀርብልን ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው ዘመኑን ነው። ሰብሳቢዎች ግን ዋጋውን የሚቈርጡት በዘመኑና በብርቅነቱ ብቻ ሳይሆን በሁኔታውም ነው። ሁኔታ ስንል፥ ከማተሚያው ከወጣ ጀምሮ እጃችን እስኪገባ ድረስ ከምስሉ ምን ያህል እንደ ቀረለት ማለታችን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በዳግማዊ ኒቆላዎስ ዘመነ መንግሥት (1894–1917) የታተመውን የሩሲያ ሩብል ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሩብሉ 20 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 900ው ንጹሕ ብር ነው። ይህንንም ጠርዙ ራሱ ይናገራል፤ ዙሪያውን «ንጹሕ ብር 4 ዞሎትኒክ 21 ዶልያ» የሚል የሩሲያ ጽሕፈት አለበትና። አንድ ዞሎትኒክ 4.266 ግራም፥ አንድ ዶልያም የዞሎትኒክ 96ኛ እጅ ስለ ሆነ፥ ድምሩ 18 ግራም ያህል ይመጣል። ከጽሕፈቱ ቀጥሎ የማተሚያ ቤቱ ሹም ስም የመጀመሪያ ፊደላት ይገኛሉ። በፊደላቱ ፈንታ አንድ ኮከብ ያለበት በፓሪስ፥ ሁለት ኮከብ ያለበት በብራስልስ የታተመ ነው። (የዳግማዊ ምኒልክም ብር በፓሪስ መታተሙን አንባቢ ያስታውሳል።) ስለዚህ መርማሪ አስቀድሞ ሚዛኑንና ጠርዙን ያያል። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ሐሰተኛ ሩብል ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መሥመር ሊታይበት፥ ፊደሎቹም ሊደነዝዙ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ ምስሉ ይመረመራል። እጅና ከረጢት አስቀድመው የሚፍቁት ከፍ ያለውን ስፍራ ነው፤ ይኸውም በመልኩ ገጽ ከጆሮው በላይ ያለውን ጠጕር፥ ቅንድቡንና ጢሙን፥ በሁለተኛው ገጽ ደግሞ በንስሩ ደረት ላይ ያለውን ጋሻና የክንፎቹን ላባ ነው። በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ለአገሩ አሮጌ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የደረጃ ቍጥር አወጣ። ይህ ቍጥር ኋላ ለሌሎችም አገሮች ገንዘብ ተስፋፍቷል፤ ከ60 ጀምሮ ያለው በገበያ ላልተዘዋወረ ገንዘብ የሚሰጥ ነው።

ነገር ግን የምስል መጥፋት ሁሉ የመፋቅ ውጤት አይደለም፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሮማኖቭ ቤት 300ኛ ዓመት ሲከበር በ1913 የወጣው ሩብል የኒቆላዎስንና የመጀመሪያውን የሮማኖቭ ንጉሥ የሚካኤልን መልክ ጎን ለጎን ይዟል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ምስላቸው ጐልቶ፥ አንዳንዶቹ ደግሞ ጠፍጥፎ ታትሟል። ጠፍጣፋው ከገበያ ሳይገባ እንኳ ያረጀ ይመስላል። የሁለቱ መለያ ብርሃን ነው። ገንዘቡን በአንድ መብራት ሥር ቀስ ብሎ ማዞር ይገባል። አዲስ ብር ላይ ጸዳሉ እንደ መንኰራኵር ይዞራል። ይህ ጸዳል በጠፍጣፋው ስፍራ ላይም ሳይቋረጥ ካለፈ፥ ጉድለቱ የማተሚያው ነው፤ ስፍራው ደብዝዞ ግራጫ ከሆነ ግን እጅ ፍቆታል።

ይህን ጸዳል የሚገድለው ደግሞ ከሁሉ በላይ እጥበት ነው። እኛም በትምህርት ቤት ሳለን ከአንድ ብር ሠሪ ያገኘነውን የ1898 ሩብል ጥቁረቱን እንደ ቆሻሻ ቈጥረን በሎሚና በአመድ አሸነው። ጥቁረቱ ግን ብር በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው እንጂ ጥፋት አልነበረም። ሩብላችን ነጭ ሆነ፤ በአጉሊ መነጽር ስናየው ግን ፊቱ በአንድ አቅጣጫ በሄዱ ጥቃቅን ጭረቶች ተሞልቶ ነበር። ጠጕሩና ጢሙ ሙሉ ሆነው ሳሉ፥ ያሳየነው ሰብሳቢ ደረጃ አልሰጠውም፤ የብሩን ክብደት ዋጋ ብቻ ነገረን።

ቀዳዳም ሌላ ጉድለት ነው። በቮልጋ ወንዝ አካባቢ የቹቫሽና የማሪ ሴቶች የብር ገንዘብ በራስ ጌጣቸውና በደረታቸው ላይ ይሰፉ ስለ ነበር፥ ተበስተው ኋላ በብር የተደፈኑ ገንዘቦች ይገኛሉ። ድፍኑን ለማግኘት ከዘውዱ አጠገብ ያሉትን ስፍራዎች በሁለቱም ገጽ ማየት ይጠቅማል፤ እዚያ የፊደል ወይም የላባ መሥመር ድንገት ይቋረጣልና።