ለረጅም የዳገት ሩጫ የሚሆን ጫማ እንዴት ይመረጣል?

ቦሌም ሂዱ መገናኛ፣ የስፖርት ጫማ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማርካውን ያያል፤ ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል። ለታክሲና ለካፌ የሚሆን ስኒከር ከሆነ ምንም አይደል፣ ቢሳሳት የሚጎዳው ኪሱ ብቻ ነው። 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ዳገት ቁልቁለቱን ለመሮጥ ላሰበ ሰው ግን ማርካም ዋጋም ብዙ አይነግሩትም። እሱ መጠየቅ ያለበት «የምሮጠው ምን ዓይነት መሬት ላይ ነው? ከ5 ሰዓት ሩጫ በኋላስ እግሬ ምን ያህል ያብጣል?» ብሎ ነው። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት የአክስቴ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ብር ይዞ መጥቶ «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ እንዴ? እስቲ አጣሪልኝ» ስላለኝ ነው። ልጁ ኮተቤ አካባቢ ነው የሚለማመደው። ሁለት ጫማ የመግዛት አቅም የለውም፣ እግሩን ወለም ቢለው ደግሞ የቀን ሥራውም አብሮ ይቆማል።

አልትራ ማራቶን የሚባለው ከማራቶን ርቀት፣ ማለትም ከ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚበልጥ ሩጫ ሁሉ ነው። አስፋልት ላይ የሚሮጥም አለ፤ በደቡብ አፍሪካ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ የሚካሄደው ኮምሬድስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መንገዱ አስፋልት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የሞንት ብላንክ ዙሪያ ውድድር ደግሞ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ የተራራ መንገድ ነው፤ የዳገቱ ድምር ብቻ 10,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱም አልትራ ቢባሉም የመጀመሪያውን የሮጡበት ጫማ ለሁለተኛው አይሆንም።

እኛ አገር ስለ ጫማና ሩጫ ሲነሳ ወሬው የግድ አበበ ቢቂላ ጋ ይደርሳል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 አሸነፈ። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ «ጫማ ምን ያደርጋል!» የሚለውን ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው። እኔ ግን የምረዳው በሌላ መንገድ ነው። አበበ በባዶ እግሩ መሮጥ የለመደ ሰው ነበር፤ እዚያ የተገኘለት ጫማ ደግሞ እግሩን አልተመቸውም። ስለዚህ የማይመች ጫማ ከማድረግ የለመደውን መረጠ። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ፑማ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ሲያሸንፍም ያው አበበ ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ትዕግሥት አሰፋ አለች። እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ኩባንያው ራሱ የሠራሁት ለአንድ ማራቶንና ለመለማመጃ ያህል ነው ብሏል። ይህን ጫማ የካ ተራራ ላይ ይዛችሁ ብትወጡ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ሶሉ ለጠፍጣፋ አስፋልት የተሠራ ነው፣ ስፖንጁ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ስፖንጅ ሲወፍር እግር ከመሬት ይርቃል፤ ድንጋይ ላይ ስንረግጥ ቁርጭምጭሚት በቀላሉ ይገለበጣል። (ውፍረት በሕግ የተገደበ ነገር መሆኑን ድራራ ሁሪሳ በደንብ ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ የጫማው ሶል ከተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር በልጦ ስለተገኘ ውጤቱ ተሰርዟል።)

አሁን ወደ መሬታችን እንምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከቦሌ ወደ ጎሮ፣ ወደ ሰሚትና ወደ አያት ስንወጣ መሬቱ በአብዛኛው መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል። የካና እንጦጦ ላይ ቀይ አፈር አለ፤ ሲረጥብ ሙልጭልጭ ይላል፣ በላዩ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ተነጥፎበታል። ወደ የረር ስንሄድ ደግሞ የሾለ ጥቁር ድንጋይ ይጨመርበታል።

የዳገት ጫማ ከአስፋልት ጫማ የሚለየው አንደኛ በሶሉ ጥርስ ነው። ለደረቅ መሬት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጥርስ ይበቃል፤ ለጭቃ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ለእኛ መረሬ ግን የጥርሱ ርዝመት ብቻውን አያድንም። ጥርሶቹ የተጠጋጉ ከሆኑ ጭቃው መሃላቸው ይሞላና ጥርስ እንደሌለው ሶል ይሆናል፤ ተራርቀው የተተከሉ ከሆኑ ግን በየእርምጃው ጭቃውን ይጥሉታል። ጉዳዩ የመንሸራተት ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። ሰው ለቀላል ጫማ ብዙ ብር ይከፍልና ጎሮ ላይ ግማሽ ኪሎ ጭቃ ተሸክሞ ይሮጣል ማለት ነው!

በሌላ በኩል ማናችንም ከቤታችን በር ጀምሮ ጫካ የለንም። የአክስቴ ልጅ ዳገቱ ጋ ለመድረስ አስፋልትና ኮብልስቶን ማለፍ አለበት። ረጅም ጥርስ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ እግርንም ያደክማል። ሾለ ድንጋይ ለሚበዛበት መንገድ ደግሞ አንዳንድ ጫማዎች ከሶሉና ከስፖንጁ መሃል ቀጭን ጠንካራ ፕላስቲክ አላቸው። መኖሩን ለማወቅ የፊተኛውን ሶል ከታች በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው፤ ጣታችን ወደ ውስጥ ከገባ ድንጋዩም ይገባል።

ቁጥርን በተመለከተ ሱቅ ውስጥ «ልክክ አለ» የተባለ ጫማ ለረጅም መንገድ ጠባብ ነው። እግር ለሰዓታት ሲሮጥ ያብጣል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫል። የጥፍር መጥቆር የሚመጣው ከዚህ ነው። ቆማችሁ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መቅረት አለበት። በእኛ ገበያ የተለመደው የአውሮፓ ቁጥር በአንድ ሲጨምር ርዝመቱ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ነው የሚጨምረው፤ ስለዚህ 41 የሚያደርግ ሰው 42ን ሳይሞክር ባይወስን ጥሩ ነው። ሲሄዱም ጠዋት ሳይሆን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ የሚሮጡበትን ካልሲ አድርጎ ነው። ተረከዝ ግን መላወስ የለበትም፤ የመጨረሻዋን ትርፍ የክር ቀዳዳ ተጠቅሞ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይረዳል።

ይህ ሁሉ አዲስ ጫማ ለሚገዛ ሰው ነው። አብዛኞቻችን የምንገዛው ሳልቫጅ ነው፣ ወይም ሳናውቅ ፎርጅድ። መገናኛ ያነጋገርኳቸው ጫማ ሰፊ ሳልቫጅ ጫማ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ከኋላ በኩል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያዩታል። «ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የሌላ ሰው አረማመድ ነው የገዛሽው፣ እህቴ» አሉኝ። ቀጥለው በጥፍራቸው ስፖንጁን ይጫኑታል፤ ደርቆ ካልተመለሰ ሞቷል። ሦስተኛው እኔን የገረመኝ ነው። ምንም ያልተለበሰ የሚመስል ጫማ አንዳንዴ ከሁሉም ይብሳል፤ ለዓመታት መጋዘን የተቀመጠ ጫማ ማጣበቂያው ይደርቃል፣ በ20ኛው ኪሎ ሜትር ሶሉ አፉን ይከፍታል። ብዙ ጊዜ ምላሱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ላይ የተመረተበት ጊዜ አለ፤ እሷን ማንበብ ነው። ፎርጅድ ደግሞ መልኩን እንጂ ጎማውን አይኮርጅም። የምላሱ ላይ ኮድ ከካርቶኑ ኮድ ጋር ካልገጠመ መተው ነው።

ውኃ አያስገባም የሚባለው ጫማ ብዙ ሰው ያማልላል። ለክረምት ደስ ይላል፤ ግን ወንዝ ስንሻገር ውኃው በአንገቱ በኩል ይገባና መውጫ ያጣል። እርጥብ እግር ደግሞ ቶሎ ውኃ ይቋጥራል። ለረጅም መንገድ ውኃ የሚያስገባና የሚያስወጣ ወንፊት ጫማ ይሻላል ባይ ነኝ። ተረከዙ ከጣቱ በኩል ከፍ ያለ ጫማ የለመደ ሰው ደግሞ በአንዴ ወደ ጠፍጣፋው መዞር የለበትም፣ የተረከዙ ጅማት ይጎዳል።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ የወሰደው ጥርሱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጥርሶቹ የተራራቁ፣ ከለመደው በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ነው። ማርካው ሰፈር ውስጥ የሚያስወራ አይደለም፣ ቀለሙንም አልወደደውም። አሮጌውን አልጣለም፤ አስፋልቱን በእሱ እየሮጠ አዲሱን በላስቲክ ቦርሳ ተሸክሞ ይሄድና ዳገቱ ሥር ሲደርስ ይቀይራል። ረጅም ልምምድ ከመሞከሩ በፊት በአጫጭር መንገድ ሁለት ሳምንት እንዲያለማምደው ጫማ ሰፊው መክረውታል። እስካሁን ሶሉ አልተከፈተም።