የተባይ መድኃኒት ምዝገባና የነጋዴው ጥቅም

የተባይ መድኃኒት በገበያ ከሚሸጡት ሌሎች ዕቃዎች የተለየ ጠባይ አለው። ጨርቅ ቢበላሽ የሚከስረው ገዢው ብቻ ነው፤ የተባይ መድኃኒት ግን ያለ ቦታው ቢውል ሰብልን ያጠፋል፣ ንብን ይፈጃል፣ ሰውንም ይገድላል። ሕዝቡ በልማድ መድኃኒት ይበለው እንጂ በሕግ ዓይን መርዝ ነው። ስለዚህ መንግሥት መርምሮ በመዝገብ ሳያሰፍረው ወደ አገር እንዲገባም ሆነ እንዲሸጥ አይፈቅድም። በአገራችን ይህን ሥርዓት የሚመለከት ልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20 እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፤ ቀጥሎም በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ታወጀ።

ብዙ ነጋዴ የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የመርዙ ስም በመዝገብ ከተገኘ ይበቃል ብሎ ማሰቡ ነው። የሚመዘገበው ስሙ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ነው፤ ማለትም የመርዙ ኃይል መጠን፣ ዱቄት ወይም ፈሳሽ መሆኑ፣ ሠሪው ፋብሪካ፣ የሚረጭበት ሰብልና የሚገድለው ተባይ ተለይተው ይጻፋሉ። ለምሳሌ ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም መድኃኒት በጤፍና በስንዴ ማሳ ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል፤ ባቄላም ቅጠለ ሰፊ ስለሆነ ያው መድኃኒት ቢረጭበት ከአረሙ ጋር ይጠፋል። ለአንዱ ሰብል የተፈቀደው ለሌላው ጥፋት የሚሆነው እንዲህ ነው።

አመልካቹ የዕቃውን ጠባይ፣ መርዛማነቱንና በምግብ ላይ የሚተወውን ቅሪት የሚያስረዳ ሰነድ ያቀርባል። መድኃኒቱም በአገሩ አየርና አፈር በማሳ ላይ ይፈተናል። ፈተናው የሰብሉን ወራት የሚጠብቅ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚህም የተነሣ አንዳንድ ነጋዴ ምዝገባውን እንደ እንቅፋት ይቈጥረዋል። ገንዘቡ ሳይሠራ መቀመጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሌለው ቁጥጥር የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚህ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተወሰነው በላይ የተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኘች፤ ጥርጣሬውም በጆንያው ላይ አረፈ። ገበሬው ባልሠራው ጥፋት ወደዚያ አገር የሚላከው ቡና እጅግ ቀነሰ። ደግሞ ለብዙ ዘመን በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ነበር፤ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓመታት ወደ ፊንላንድ ተጭኖ ተቃጠለ። መርዝን ለመግዛት ወጪ፣ ለማስወገድም ሌላ ወጪ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ አስመጪ ሁሉ የባንክ ሰነድ ከመክፈቱ በፊት አራት ነገር ያረጋግጥ። የምስክር ወረቀቱ ዘመን አላለፈምን? በወረቀቱ የተጻፈው ሠሪና የመርዙ መጠን ከሻጩ ደረሰኝ ጋር ይስማማልን? በዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሰብሉን፣ ልኩንና ከርጭት እስከ አጨዳ የሚጠበቀውን ቀን ይናገራልን? ዕቃው ሳይሸጥ ጊዜው የሚያልፍበት አይደለምን? ቸርቻሪውም ከትልቁ ዕቃ ወደ ውሃ ጠርሙስ እየገለበጠ ከመሸጥ ይከልከል፤ ጽሑፉ የቀረ እንደ ሆነ ምዝገባው ለገዢው ምንም አይረባውምና።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በትእዛዝ ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ከሚመጣው ክርክር ይሻላል።